በቀቀን የሚናገረው ለማን ነው?

በ2020 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው) በእንግሊዝ አገር፣ በሊንከንሻየር ግዛት በሚገኝ አንድ የእንስሳት መጠበቂያ ውስጥ፣ ከልዩ ልዩ ባለቤቶች ተሰጥተው በአንድ ክፍል የተቀመጡ አምስት ግራጫ በቀቀኖች ስድብ እየተቀባበሉ ጐብኚውን ሁሉ ስላዋረዱት፣ ለጊዜው ከሕዝብ ፊት እንዲገለሉ መደረጋቸው በዓለም ጋዜጦች ተዘገበ። ዜናው እውነት ነው፤ ከዜናው በኋላ የተከተለው ሐተታ ግን አብዛኛው ከንቱ ነው። አንዱ «ወፎቹ ሰውን ንቀው ነው» ይላል፤ ሌላው «በቀቀን የአምስት ዓመት ሕፃን ልቡና አለው» ብሎ ይምላል፤ ሦስተኛው ደግሞ፣ ይህንን ሁሉ ሰምቶ ልቡ የተነሣሣው፣ «የሚናገረውን መርጣችሁ ግዙልኝ፤ ባይናገርም ምላሱን በምላጭ ሲልጉለት ይፈታል ይባላል» ይላል። የመጀመሪያው ወሬ ቂልነት ነው፤ ሁለተኛው ከእውነት ጋር የተቀላቀለ ማጋነን ነው፤ ሦስተኛው ግን ግፍ ነው፤ ግፍም ብቻ ሳይሆን፣ ወደ ፊት እንደምናየው፣ የነገሩን ጥበብ ሁሉ ገልብጦ የሚያነብ ድንቁርና ነው።

ትልቅ በቀቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ቤቱ ሊያስገባ የሚያስብ ሰው ስለ ዝርያዎቹ ማወቅ የሚገባው በአጭሩ ይነገራል። ግራጫው የአፍሪካ በቀቀን ክብደቱ ግማሽ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው፣ አስተዋይና ፈሪ ወፍ ነው፤ የአማዞን በቀቀኖች አረንጓዴዎች፣ ደፋሮችና ጩኸታሞች ናቸው፤ ኮካቱ መታቀፍን አብዝቶ የሚሻ፣ ሲከለከልም ጐረቤት እስኪሰማ የሚያለቅስ ነው፤ ሰማያዊና ቢጫው ማካው ደግሞ አንድ ኪሎ ገደማ የሚመዝን ስለ ሆነ መንቈሩም፣ ድምፁም፣ የሚፈልገው ስፍራም እንደ ክብደቱ ነው። የሽቦ ቤቱ ክንፉን ዘርግቶ የሚዞርበት ሰፊ ይሁን፤ ጥሬ ብቻ አይመገብ፤ አቮካዶና ቸኰላታ መርዙ ናቸው፤ የማያጣብቅ የቴፍሎን መጥበሻ በእሳት ከመጠን በላይ ሲግል የሚያወጣው ጢስ በደቂቃዎች ውስጥ ይገድለዋል። የቀረውን የወፍ ሐኪም ያስተምራል፤ እኔ ግን ሁሉ ወደሚጠይቀውና ማንም በሚገባ ወደማይመልሰው ጥያቄ፣ ማለት ወደ ንግግሩ ነገር ለመድረስ እቸኵላለሁ።

ሰው ድምፁን የሚያወጣው በአየር ቧንቧው ራስ ላይ ባለው በማንቁርቱ ነው፤ ወፍ ግን ማንቁርት ያለው ቢሆንም ቅሉ ድምፅ አያወጣበትም። ለአዕዋፍ ብቻ የተሰጠው የድምፅ መሣሪያ፣ ሊቃውንቱ ሲሪንክስ የሚሉት፣ በቧንቧው ግርጌ፣ ቧንቧው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሳንባ በሚከፈልበት መንታ ዘንድ፣ በደረት ውስጥ ተሰውሮ ይገኛል። («የወፍ ማንቁርት» ብሎ መጥራት የሚቀል ቢመስልም፣ ወፉ ሌላ እውነተኛ ማንቁርት ስላለው አንባቢን ያደናግራል፤ ስለዚህ ስሙን በባዕድ ልሳን እንዳለ ትቼዋለሁ።) ዘማሪ የሚባሉት ወፎች በዚህ መንታ ላይ በግራም በቀኝም ራሱን የቻለ የድምፅ ምንጭ ስላላቸው፣ በቅኔ ማሕሌት ቀኝ ጌታው ሲመራ ግራ ጌታው እንደሚቀበለው፣ አንዳንድ ጊዜም ሁለቱ ወገኖች በአንድነት እንደሚያዜሙት፣ አንዲት ትንሽ ወፍ በግራዋ አንድ፣ በቀኝዋ ሌላ ዜማ ልታወጣ ትችላለች። በቀቀን ይህ ጸጋ የለውም። የእርሱ ሲሪንክስ ከመንታው በላይ፣ በቧንቧው ላይ የተቀመጠ ሲሆን፣ ከሳንባ የሚመጣው እስትንፋስ ሲያልፍባቸው የሚርገበገቡት ጥንድ ሽፋኖች ተባብረው እንደ አንድ ምንጭ ብቻ ያገለግላሉ፤ በዚህ በኩል ከዘማሪዎቹ ይልቅ ድኻ ነው ማለት ይቻላል።

ታዲያ ቃላችንን እስከ አነጋገር ቃናችን ድረስ የሚያስመስልበት ሀብት ከወዴት መጣ ቢሉ፣ ከላይ፣ ከአፉ ነው። ፊደል የቈጠረ ሰው ሁሉ ይህንን በራሱ አፍ ሊፈትነው ይችላል፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሲወርድ ጉሮሮው የሚያወጣው መነሻ ድምፅ ያው አንድ ሆኖ ሳለ፣ ምላሱ ወደ ፊት ሲሄድና ወደ ኋላ ሲሰበሰብ፣ አገጩ ሲከፈትና ከንፈሩ ሲሞጠሞጥ፣ በአፍ ውስጥ ያለው ክፍት ቦታ ቅርፁን እየለወጠ ከድምፁ ውስጥ አንዳንዱን ንዝረት ያጐላል፣ አንዳንዱን ያፍናል፤ ራብዑን ከሳብዑ የሚለየውም ይህ ብቻ ነው። በ2004 ጋብርኤል ቤከርስና ባልደረቦቹ መነኩሴ በቀቀን ከሚባለው ዝርያ የአምስት ወፎችን ሬሳ ወስደው፣ ሲሪንክሱን አውጥተው፣ በምትኩ ጥቂት ድምፅ የሚሰጥ እጅግ ትንሽ ማጉያ ተክለው፣ ምላሱን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያንቀሳቀሱ ከመንቈሩ የሚወጣውን ድምፅ መዘኑት። ምላሱ ከአንድ ሚሊሜትር ባነሰ መጠን ሲነቃነቅ እንኳ የሚጐላው ንዝረት ይለወጥ ነበር፤ ለውጡም በሰው ንግግር በ«ኣ» እና በ«ኦ» መካከል ካለው ልዩነት የበለጠ ሊሆን ቻለ። የብዙዎቹ አዕዋፍ ምላስ ቀጭንና ደረቅ ሲሆን የበቀቀን ምላስ ወፍራም፣ ሥጋማና በጡንቻ የተሞላ መሆኑን ያየ ሰው ነገሩን ይገነዘበዋል፤ ወፉ ሱፍ ሲፈለፍል ቢያስተውለው፣ ያ ምላስ ፍሬውን እያገላበጠ ከመንቈሩ ጠርዝ ጋር ሲያስተካክለው፣ ቅርፊቱንም ለይቶ ሲገፋው ይታያል።

እንግዲህ ምላሱን በምላጭ የሚልግ ሰው የሚያበላሸው የሚፈልገውን መሣሪያ ራሱን ነው። በነገሩ ላይ ተጨማሪ ቃል አያስፈልግም።

መሣሪያ ብቻውን ግን አይናገርም። ከእንቍላሉ ጀምሮ ለብቻው ያደገ አውራ ዶሮ ማንም ሳያስተምረው እንደ አባቱ ይጮኻል፤ በቀቀን ግን ድምፁን ከሌላ ሰምቶ የሚማር ፍጡር ነው፤ ከአዕዋፍ ወገንም ይህ ዕድል በሰፊው የተሰጣቸው በቀቀኖች፣ ዘማሪዎቹ ወፎችና ከአበባ ማር የሚቀስሙት ሃሚንግበርድ የሚባሉት ብቻ ናቸው። በ2015 የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንደ ገለጡት፣ በበቀቀን አእምሮ ውስጥ ያሉት የድምፅ መማሪያ ማዕከሎች እያንዳንዳቸው አንድ እምብርትና በዙሪያው አንድ ሽፋን አላቸው፤ እምብርቱ በሌሎቹ ተማሪ ወፎችም የሚገኝ ሲሆን፣ ሽፋኑ የበቀቀን ብቻ ነው፤ በማስመሰል ከሁሉ መብለጡም ከዚህ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ይታሰባል።

ይህ ሁሉ ስንቅ ለምን ተሰጠው? ሰውን ሊያሥቅ አይደለም፤ በዱር ሰው የለምና። በቀቀን በመንጋ የሚኖር፣ በደን ቅጠል ውስጥ ግን ባልንጀራውን በዐይኑ ማየት የማይችል ወፍ ስለ ሆነ፣ «አለሁ፤ አንተስ የት ነህ?» ለማለት ያህል የሚሆን የመፈላለጊያ ጥሪ አለው፤ ይህንንም ጥሪ ከማኅበሩ ይማረዋል። በኮስታ ሪካ የሚኖሩት ማጅራተ ቢጫ የአማዞን በቀቀኖች በየማደሪያቸው የተለያየ ዘዬ እንዳላቸው፣ በሁለት ዘዬዎች ድንበር ላይ ያሉትም ሁለቱንም አጣርተው እንደሚናገሩ በ1996 ታትሟል። ካርል በርግና ተባባሪዎቹ ደግሞ በቬኔዙዌላ፣ ከድንቢጥ ብዙ የማይበልጡትን ጥቃቅን በቀቀኖች ሲያጠኑ፣ ወላጆች ለእያንዳንዱ ጫጩት ስም የሚመስል የተለየ ጥሪ እንደሚሰጡት ደረሱበት፤ ነገሩ በዘር የሚወረስ እንዳይሆን ለማረጋገጥም እንቍላሎቹን ከጐጆ ወደ ጐጆ አለዋወጡ፤ ጫጩቶቹም የያዙት የአሳዳጊዎቻቸውን ጥሪ እንጂ የወለዷቸውን አልሆነም።

አሁን ወደ ሊንከንሻየር ስድብ ብንመለስ ምሥጢሩ ቀላል ነው። በቤት ውስጥ ያደገ ወፍ መንጋው ቤተሰቡ ነው፤ ከቤተሰቡም አፍ ከሚወጣው ድምፅ ውስጥ በኃይልና በስሜት የተነገረው፣ ይልቁንም ሲደገም ሰው ሁሉ ዞሮ የሚያየው፣ የሚያሥቀው፣ የሚያስቈጣው ድምፅ እንደ መልካም የመፈላለጊያ ጥሪ ያገለግለዋል። አንዱ ሲሳደብ ሰው ሣቀ፤ ሁለተኛው ሣቁን ተማረ፤ ሦስተኛው ለሣቁ ሲል ሰደበ። ንቀትም ጥላቻም የለበትም፤ መልስ ማግኘት ብቻ ነው።

ስለ አምስት ዓመቱ ሕፃን ልቡና ግን ቀስ ብዬ መናገር ይገባኛል፤ እኔም የእንስሳትን ጠባይ ከሚያጠኑት ወገን ስለ ሆንሁ፣ ክርክሩ የገዛ ቤታችን ክርክር ነው። የወሬው ምንጭ አሌክስ ነው፤ ተመራማሪዋ አይሪን ፔፐርበርግ በ1977 ቺካጎ ከሚገኝ የእንስሳት መደብር ያገኙት፣ በ2007 በ31 ዓመቱ የሞተው ግራጫ በቀቀን። ሁለት ሰዎች በፊቱ እየተጠያየቁ፣ አንዱም ለወፉ እንደ ተፎካካሪ ሆኖ እየመለሰ በተማረበት ዘዴ፣ ወደ መቶ የሚጠጉ ቃላት ያዘ፤ ሃምሳ ያህል ነገሮችን፣ ሰባት ቀለሞችን ለየ፤ እስከ ስድስት ቈጠረ፤ «በምን ይለያያሉ?» ሲባል በማይለያዩት ላይ «በምንም» የሚል መልስ ሰጠ። ይህ ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን አንደኛ፣ አሌክስ አንድ ወፍ ነው፤ ሁለተኛ፣ በ1907 ኦስካር ፕፉንግስት በበርሊን የገለጠው፣ ሃንስ የሚባለው ፈረስ ነገር፣ ሒሳብ ያውቃል የተባለው እንስሳ የጠያቂውን ፊት ብቻ ያነብ እንደ ነበር፣ ከኅሊናችን ሊጠፋ አይገባም፤ ፔፐርበርግ ፈታኞችን በመለዋወጥ ይህንን ለመከላከል ቢጥሩም ተቺዎቻቸው ሁሉ አልረኩም፤ ሦስተኛ፣ ከሕፃን ጋር የተደረገው ንጽጽር በተወሰኑ ፈተናዎች ላይ እንጂ በሁለንተናው ላይ አይደለም፤ አምስት ዓመት የሞላው ሕፃን ተረት ይናገራል፣ ትናንትንና ነገን ይተርካል፣ አሌክስ ይህንን አላደረገም። በ2016 የታተመው የነርቭ ሕዋሳት ቈጠራም፣ 20 ግራም ገደማ በሚመዝነው የማካው አእምሮ የፊት ክፍል ውስጥ ከማካክ ጦጣ የሚበልጥ ሕዋስ እንዳለ ቢያሳይም፣ የሕዋስ ብዛትና ልቡና አንድ ናቸው ብሎ አላስተማረም፤ ብዙዎቻችን ግን እንዲህ ብለን መጥቀስ እንወዳለን።

ከዚህ ሁሉ ለገዢው የሚወጣው ፍሬ ይህ ነው፤ «ይናገራል ወይ?» ብሎ ሻጩን መጠየቅ ትቶ፣ «ሲጠራ ማን ይመልስለታል?» ብሎ የገዛ ቤቱን ይጠይቅ። ቀኑን ሙሉ ሲጣራ መልስ ያጣ በቀቀን ይጮኻል፤ ይነክሳል፤ አንዳንዱም ላባውን በገዛ መንቈሩ እየነጨ ደረቱን ያራቍታል፤ (የቈዳ በሽታና የምግብ ጕድለትም ይህንኑ ስለሚያመጡ አስቀድሞ ሐኪም ሊያየው ይገባል።) በባሕረ ሰላጤው አገሮች «ካስኮ» እየተባለ ግራጫው በቀቀን በየቤቱ ይወደዳል፤ ከወፉ ጋር የምትውለው ከአገራችን የሄደች የቤት ሠራተኛ በሆነችበት ስፍራ፣ ካስኮው ከእመቤቲቱ ዐረብኛ ይልቅ የእርሷን አማርኛ ቢይዝ ምንም አያስደንቅም።

ዕድሜውም ይታሰብ። የቸርችል ማካው በ104 ዓመቱ በሕይወት አለ ተብሎ በ2004 የተወራው፣ የቸርችልን ቤት የሚያስተዳድሩት ያስተባበሉት ተረት ነው፤ ነገር ግን ኩኪ የሚባል ኮካቱ በቺካጎ አጠገብ ባለው በብሩክፊልድ የእንስሳት ማቆያ 83 ዓመት ኖሮ በ2016 መሞቱ የተመዘገበ ነው። በደኅና የተያዘ ግራጫ በቀቀንም 40 ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራል፤ ስለዚህ የ50 ዓመት ሰው ወፉን ሲገዛ ወራሹን አብሮ ይምረጥ።

ሻጮች «ገና በእጅ የሚጐርስ ጫጩት ከሆነ ይበልጥ ይወድዎታል» ይላሉ፤ ሐሰት ነው። ባልሠለጠነ እጅ የሚጐርስ ጫጩት በትኵስ ገንፎ ጕሮሮው ይቃጠላል፣ ወይም ምግቡ ወደ ሳንባው ገብቶ ይሞታል። ራሱን ችሎ የሚበላውን ይውሰዱ። በግራጫው ዘንድ የጫጩቱ ዐይን ጥቁር ሲሆን እያደገ ሲሄድ እየነጣ ወደ ቢጫ ይለወጣል፤ ዐይኑ ቢጫ የሆነውን «የሦስት ወር ነው» የሚል ሻጭ ይዋሻል። እግሩንም ይመልከቱ፤ መጋጠሚያ የሌለው የተዘጋ ቀለበት ሊገባ የሚችለው በጥቂት ቀን ጫጩት እግር ላይ ብቻ ስለ ሆነ፣ ወፉ በሰው ቤት ለመፈልፈሉ ጥሩ ምስክር ነው፤ ቀለበት የሌለው፣ ወይም ተቈርጦ የተገጠመ ቀለበት ያለው ወፍ በሙጫ ተይዞ ከኮንጎ ደን የመጣ ሊሆን ይችላል። ግራጫውን ከዱር ወስዶ ለንግድ ከአገር ወደ አገር ማሻገር፣ በ2016 በጆሃንስበርግ በተደረገው የሳይተስ (የዱር እንስሳትና ዕፀዋት ንግድ ስምምነት) ጉባኤ ውሳኔ፣ ከ2017 ጀምሮ የተከለከለ ነው። በአገራችንም ከሌላ አገር የማይገኘውን ግንባረ ቢጫ በቀቀን ከደጋው ጫካ አስይዞ በቤት ማኖር የሚመኝ ካለ፣ ምኞቱን ይተወው።

እኔ ብጠየቅ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ትልቅ በቀቀን ለሚይዝ ሰው የምመክረው፣ ባለቤቱ ሞቶበት ወይም መያዝ አቅቶት የተተወውን፣ ጠባዩ አስቀድሞ የታወቀውን ጐልማሳ ወፍ ነው፤ ሁሉም ጧት ወጥቶ ማታ በሚገባበት ቤት ግን ጫጩትም ሆነ ጐልማሳ አይግባ።