«ተቀበል!» በኢንተርኔት

ባሕር ዳር የባህል ዘፈን የሚያሰማ ጣቢያ አላጣችም። ባሕር ዳር ኤፍኤም 96.9 አለ፣ አማራ ሬዲዮ አለ። ነገር ግን ኤፍኤም ከማሠራጫው እየራቁ ሲሄዱ ይደክማል፤ ሰዓቱም ለዜና፣ ለስፖርትና ለማስታወቂያ የተከፋፈለ ነው። ከማታ እስከ ንጋት ከአዝማሪ ቤት ማሲንቆ፣ ክራርና ዋሽንት ብቻ ላሰማ የሚል ሰው የሚቀለው በኢንተርኔት መጀመር ነው።

አሠራሩ እንደ ቦኖ ውሃ ነው። ከአዝማሪ ቤቱ አንድ የድምፅ መስመር ብቻ ወጥቶ ሰርቨር ወደሚባለው ኮምፒውተር ይሄዳል፤ አድማጭ ሁሉ የሚቀዳው ከዚያ ነው። ስለዚህ አሥር ሰው ሰማ አሥር ሺህ፣ ባሕር ዳር ያለው መስመር ላይ ጭነት አይጨምርም፤ የሚጨምረው የሰርቨሩ ኪራይ ነው። አይስካስትን የመሰሉ የማሠራጫ ፕሮግራሞች በነፃ ይገኛሉ። ቦታው ላይ የሚያስፈልገው ጥሩ ማይክ፣ አንድ ላፕቶፕና መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ ነው።

የድምፁ ጥራት ግን አድማጩን ገንዘብ ያስወጣዋል። በሰከንድ 64 ኪሎቢት የሚላክ ድምፅ በሰዓት 29 ሜጋባይት ገደማ ይበላል፤ 128 ከሆነ እጥፉን። ዳታ ይቆጠብ ተብሎ ወደ 32 ሲወርድ ከሁሉ ቀድሞ የሚጎዳው ማሲንቆ ነው። የማሲንቆ ድምፅ የፈረስ ጭራ በፈረስ ጭራ ሲፈተግ የሚወጣ ነውና ሻካራነቱ ላይ ነው ውበቱ። በአሮጌው ኤምፒስሪ አጥብቀው ሲያምቁት ያ ሻካራነት ውሃ ውስጥ የገባ ይመስላል። ኤኤሲ የሚባለው አዲሱ አሠራር በ64 ይዞት ይሄዳል። ማይኩንም ዘፋኙ አፍ ላይ ብቻ መደቀን ልማድ ሆኗል፤ ሌላ አንድ ማይክ ወደ ማሲንቆው ቆዳ ቢዞር ይሻላል።

የቴክኒኩ ነገር እዚህ ላይ ቢበቃ ጥሩ ነበር። አዝማሪ ግን እንደሌላው ዘፋኝ አይደለም። በ2011 ኤልያስ መልካ፣ ኃይሌ ሩትስ፣ ጆኒ ራጋና ዳዊት ንጉሤ አውታር የተባለውን የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ ሲጀምሩ የሚሸጠው ያለቀለት ዘፈን ነበር። የአዝማሪ ዘፈን ግን ቤቱ ውስጥ ከተቀመጠው ሰው ጋር የሚሠራ ነው። እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይወረውራል፣ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜማል፣ ሰሙ ከወርቁ ሲገጥም ቤቱ ይናጋል፣ ብር ግንባር ላይ ይለጠፋል። ይህን አውጥቶ ዜማውን ብቻ የሚያሠራጭ ሬዲዮ፣ በእኔ አስተያየት፣ ግማሹን ጥሎ ነው የሚመጣው።

አስቸጋሪው ነገር መዘግየት ነው። የኢንተርኔት ሬዲዮ እንዳይቆራረጥ ድምፁን ጥቂት አጠራቅሞ ስለሚለቅ፣ አድማጩ የሚሰማው ብዙ ጊዜ ከአሥር እስከ ሠላሳ ሰከንድ ዘግይቶ ነው። ስቶክሆልም ያለው ሰው ስንኙን ሲልክ አዝማሪው ሌላ ነገር ላይ ደርሷል። መላው ስንኙን በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ተቀብሎ፣ አቅራቢው በተራው ለአዝማሪው ማሰማት ነው። ሽልማቱም አብሮ ይምጣ፤ ቴሌብር ከ2013 ጀምሮ አለ፣ ገንዘቡም በጣቢያው ኪስ ሳያልፍ በቀጥታ ወደ አዝማሪው ስልክ ቢገባ ጭቅጭቅ ይቀንሳል።

ሕጉን ማወቅም ግድ ነው። የ2013ቱ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 በበይነ መረብ የሚሠሩትንም ስለሚመለከት፣ ከመጀመር በፊት የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣንን መጠየቅ ያስፈልጋል። ሁለተኛው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። አዋጁ የድርሰት መብት የሚሰጠው ወጥ ለሆነና ተጽፎ ወይም ተቀርጾ ለተቀመጠ ሥራ ነው፤ በአንድ ምሽት ተፈጥሮ በዚያው የቀረ ስንኝ ባለመብት የለውም ማለት ይቻላል። ከዋኙ ግን የራሱ መብት አለው፤ ያለ ፈቃዱ አይቀረጽም፣ አይሠራጭም። ስለዚህ ቀረጻው ለስንት ጊዜ እንደሚደገም፣ ገቢው እንዴት እንደሚከፈል ጣቢያውና አዝማሪው በጽሑፍ ይስማሙ። ማንበብ ለማይችል አዝማሪ ውሉ ጮክ ተብሎ ይነበብለት፤ መስማማቱም በድምፅ ይቀረጽ። ስንኝ የወረወረው እንግዳም አየር ላይ መሆኑን ይወቅ፤ ሞቅ ብሎት የተናገረው ነገር ሚስቱ ጆሮ ሊደርስ ይችላል።

ሰዓቱ ሌላ ጣጣ ነው። ባሕር ዳር ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ አዝማሪ ቤቱ ሲደምቅ ዋሽንግተን ቀን ስምንት ወይም ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ሰው ሥራ ላይ ነው። ስለዚህ የምሽቱ ቀረጻ ባሕር ዳር ሲነጋጋ ቢደገም እዚያ የማታ ፕሮግራም ይሆናል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ አዝማሪ ቤቱ ጭር ስለሚል መርሐ ግብሩ ለበገና ይለቀቅ፤ ጥርና ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሳምንታት አዝማሪው ሠርግ ለሠርግ የሚዞርባቸው ናቸውና ቀረጻውም እዚያው ይከተለው።

ኢንተርኔቱ ራሱም ሊቋረጥ ይችላል፤ በ2015 ማብቂያ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። ከባሕር ዳር የሚሄደው መስመር ሲቆም ሰርቨሩ ራሱ ወደ ተቀመጠ ቀረጻ እንዲዞር ማድረግ ይቻላል፤ የብዙ ሰዓት ቀረጻ አስቀድሞ ይጫንበት። ይህ የሚጠቅመው ግን ውጭ ያለውን አድማጭ ነው። ዘጌና ጎርጎራ ላለው ደግሞ ያንኑ ቀረጻ ፍላሽና ሚሞሪ ካርድ ላይ ዘፈን ለሚጭኑት ሱቆች መስጠት ነው፣ የአዝማሪው ስምና የቴሌብር ቁጥሩ መጀመሪያው ላይ ተነግሮ።