ኩሬ ውስጥ ያለ ዓሣ ወዴት ይሸሻል?

ክረምት ገብቶ የጉማራና የርብ ወንዞች ደፍርሰው ሲሞሉ የጣና ነጭ ዓሣ ከሐይቁ ወጥቶ ሽቅብ ይጓዛል። ጣና ውስጥ 15 ያህል የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ አብዛኞቹ በሌላ በየትኛውም ሐይቅ አይገኙም። ግማሽ ያህሎቹ እንቁላላቸውን የሚጥሉት በወንዞቹና በገባሮቻቸው ጠጠር ላይ ነው። መረቡም የሚጠብቃቸው እዚያው መንገዳቸው ላይ ነው። አንዳንድ ቦታ የተወቀጠ የብርብራ ፍሬ ውሃው ላይ ይበተንና ትልቁም ትንሹም ሰክሮ ይንሳፈፋል። እንቁላል የያዘች ዓሣ ስትያዝ የከርሞው ዓሣ አብሮ ያልቃል።

ይህን ጫና ሊያቀል የሚችል አንድ መንገድ በገበሬው ጓሮ የሚቆፈር ኩሬ ነው። ለዚህ ደግሞ ከሐይቁ አጠገብ ያለው ፎገራ የታደለ ነው። ዋልካ አፈሩ ውሃ ይይዛል። ሩዝ የለመደው ገበሬ ውሃ ማቆርን ያውቅበታል። ከወረታ የሩዝ መፈልፈያዎች የሚወጣው ብናኝና የኑግ ፋጉሎ ለመኖ ይሆናሉ፤ የከብቱ ፍግም ቆሮሶ (ቲላፒያ) የሚመገባቸውን ደቃቅ የውሃ እጽዋት ያፋፋል።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፦ የሐይቅ ዓሣ ውሃው ሲከፋበት ይሸሻል፤ የኩሬ ዓሣ ግን መሄጃ የለውም።

ፍግ የበዛበት ኩሬ ቀን ቀን ያማረ አረንጓዴ ነው። ያ አረንጓዴ ፀሐይ ሳለች ለውሃው ኦክስጅን ይሰጣል፤ ሌሊቱን ግን ራሱ መልሶ ይወስደዋል። ስለዚህ የኩሬው ክፉ ሰዓት ጎህ ሊቀድ ሲል ነው። በዚያ ሰዓት ዓሣዎቹ ተሰብስበው አፋቸውን ከውሃው በላይ ከፍተው ከታዩ እየታፈኑ ነው። የራባቸው መስሎት መኖ የሚበትንላቸው ባለቤት ጭራሽ ያባብስባቸዋል። ማድረግ ያለበት ፍጉንና መኖውን አቁሞ ንጹሕ ውሃ መጨመር ነው። ለጥንቃቄ ክንድን እስከ ክርን ውሃው ውስጥ ማስገባት ይበቃል፦ መዳፍ ገና ከላዩ ከተሰወረ ፍጉ በዝቷል።

ብዛትም ሌላ መከራ ነው። ሴቷ ቆሮሶ እንቁላሏን በአፏ ይዛ የምታሳድግ ብርቱ እናት ናት፤ ገና በጥቂት ወራት ዕድሜዋ ትራባለች። በአንድ ካሬ ሜትር 2 ጫጩት የተጨመረበት ኩሬ ብዙም ሳይቆይ በማያድጉ ትንንሽ ዓሣዎች ይጨናነቃል። ወንዶቹን ብቻ ለይቶ ማርባት ወይም ትርፍ ጫጩቶቹን የሚበላ ጥቂት አምባዛ መጨመር ያግዛል። ከሩዝ ማሳ የሚለቀቅ የአረም መድኃኒት የነካው ውሃም ወደ ኩሬው መግባት የለበትም። ነሐሴ 1998 ዓ.ም. ፎገራን ያጥለቀለቀውን ጎርፍ ያየ ሰው የኩሬ ድንበር ለምን ከፍ እንደሚል አይጠይቅም።

ዓሣ ሕመም ይሰማዋል ወይ? እ.ኤ.አ. በ2003 ተመራማሪዋ ሊን ስኔደንና ባልደረቦቿ በስኮትላንድ የትራውት ዓሣ ከንፈር ላይ የሚያቃጥል አሲድ ወጉ። ዓሦቹ መብላት አቆሙ፣ አንዳንዶቹም ከንፈራቸውን ጠጠር ላይ ፈተጉ። ክርክሩ እስካሁን ባይዘጋም፣ ዓሣን እንደ ግዑዝ መቁጠር ከዚያ ወዲህ ከባድ ሆኗል።

ይህ የሕመም ጥያቄ ከሁሉም በላይ የሚመለከተው የመጨረሻዋን ሰዓት ነው። በዓቢይ ጾም የዓሣ ፈላጊው ሲበዛ ኩሬው በአንድ ቀን ይጠፈፍና ዓሣው ሣር ላይ ይከመራል። ቆሮሶ አየር አጥሮት እየተንፈራገጠ ብዙ ደቂቃ ይቆያል፤ አየር መተንፈስ የሚችለው አምባዛ ደግሞ ሰዓታት። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ዓሣን ከውሃ አውጥቶ አፍኖ መግደልን ለዓሣው ደኅንነት ከማይበጁ ዘዴዎች ውስጥ ይመድበዋል። ጭንቅላቱን አንድ ጊዜ አጥብቆ መትቶ ማደንዘዝና ወዲያው ስንጥቡን መቁረጥ ግን ዱላና ስለታም ቢላዋ ብቻ ይፈልጋል። ሥጋውም ይጠቀማል፤ ተንፈራግጦ የሞተ ዓሣ ሰውነቱ ቶሎ ይገተራል፣ ቶሎም ይበላሻል።

ለገበሬው የሚሰጠው ሥልጠና ስለ ጫጩት ቁጥርና ስለ ኪሎ ብቻ ከሆነ ጎደሎ ነው። የጎህ ሰዓቱ ቁጥጥርና የአገዳደሉ ዘዴ ከቁፋሮው ትምህርት ጋር፣ ኩሬው ዳር፣ በተግባር ሊታዩ ይገባል።