ለትልቅ አውሬ የሚሆን የመጀመሪያ ጠመንጃ

ጠመንጃ ባገራችን ከመሣሪያነቱ ይልቅ ማዕረግነቱ ሲነገርለት የኖረ ዕቃ ነው። ውጅግራ፣ ለበን፣ ምንሽር፣ በልጅግ እየተባለ በየስሙ ተፎክሮበታል፤ ዝሆን ወይም አንበሳ የጣለ ሰውም በድግስ ቤት ከፍ ካለው ሥፍራ ተቀምጦ ተከብሯል። ይህ የአባቶቻችን ወግ ስለ ሆነ አንነቅፈውም። ነገር ግን የጠመንጃ ምርጫ ከፉከራ ተለይቶ የሚታይ፣ የራሱ ዕውቀት ያለው ጉዳይ መሆኑን ለወጣት አንባቢዎቻችን ማስረዳት ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

ነገራችንን ከሁርሶ እንጀምር። ሁርሶ ከድሬዳዋ በስተ ምዕራብ፣ በአሮጌው የምድር ባቡር መስመር በኩል የሚገኝ ቆላ ነው። ስሙ በይበልጥ የሚነሣው በወታደር ማሠልጠኛው ነው፤ ስንቱ ወጣት ጠመንጃን ለመጀመሪያ ጊዜ የደገነው እዚያ ነው። በዚያ ያለፈ ሰው ዒላማ መምታትን፣ መሣሪያ ፈትቶ መግጠምንና ማጽዳትን በሚገባ ያውቃል። ይሁን እንጂ አንድ ቀን ትልቅ አውሬ ላድን ብሎ ቢነሣ፣ የሚያውቀው ጠመንጃ ለዚያ ሥራ አይሆነውም። የጦር ሜዳ ጠመንጃ ሌላ፣ የአደን ጠመንጃ ሌላ ነውና።

ልዩነቱ ከጥይቱ ይጀምራል። የክላሽንኮቭ አረር 8 ግራም ያህል ይመዝናል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1912 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ የተባለው የእንግሊዝ ጠመንጃ ሠሪ ያወጣው «ባለ 375» የሚባለው ጥይት ግን አረሩ እስከ 19 ግራም ይደርሳል፤ ጉልበቱም የክላሹን ሦስት እጥፍ ያህላል። ጎሽን የመሰለ ወፍራም ቆዳና ጠንካራ አጥንት ያለውን አውሬ ዘልቆ ልቡን ወይም ሳንባውን የሚያገኝ እንዲህ ያለው ነው። በርካታ የአፍሪካ አገሮችም ለአደገኛ አውሬ ከዚህ ወይም ከዚህ ከሚቀራረብ ያነሰ ጥይት እንዳይተኮስ በሕግ ወስነዋል።

የአረሩም ዓይነት መታወቅ አለበት። ጫፉ ለስላሳ እርሳስ የሆነው አውሬው ገላ ውስጥ ገብቶ ይሰፋል፤ ይህም ለአጋዘንና ለሳላ ይስማማል። ዙሪያውን በጠንካራ ብረት የተሸፈነው ግን ሳይሰፋ ጠልቆ ስለሚሄድ ለዝሆን የሚመረጥ ነው።

«እንግዲያስ ከሁሉ ትልቁን መግዛት ይሻላል» የሚል ይኖር ይሆናል። በእኛ አስተያየት አዲስ አዳኝን የሚያሳስተው ይህ ሐሳብ ነው። እጅግ ትልቅ ጠመንጃ ትከሻን በኃይል ይመታል። ምቱን የፈራ ተኳሽ ቃታውን ሳይስብ ዓይኑን ይጨፍናል፤ አረሩም ከታሰበው ሥፍራ ይስታል። ስኮትላንዳዊው የዝሆን አዳኝ ዎልተር ቤል፣ ወደ አገራችንም ዘልቆ ያደነው፣ አብዛኞቹን ዝሆኖች የጣለው ቀጭን በሆነው ባለ 7 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ ነበር። ምሥጢሩም የዝሆንን ራስ ቅል በመጋዝ አስከፍቶ አንጎሉ የት እንደሚገኝ ማጥናቱ ነው። የእርሱን ጠመንጃ ሳይሆን የእርሱን ትምህርት መውረስ ይገባል።

ስለዚህ ለጀማሪ የምንመክረው ባለ መቀርቀሪያ፣ አሠራሩ ቀላል የሆነ «ባለ 375» ነው። ባለ ሁለት አፈሙዙ ለሁለተኛው ጥይት ፈጣን ቢሆንም አፈሙዞቹ አንድ ቦታ እንዲመቱ በእጅ የሚስተካከሉ በመሆናቸው ዋጋው እጅግ ይወደዳል። ሰደፉ ለትከሻ ልክ ይሁን፤ ቶሎ ሲደገን ዓይን ወዲያው ከማነጣጠሪያው ይግጠም። እንደ ሁርሶ ባለ ቆላ ደግሞ ጥይትን ፀሐይ ላይ መተው አይገባም፤ ሙቀት የባሩዱን ግፊት ስለሚጨምረው ቀለሁ አልወጣ ሊል ይችላል። የቀድሞዎቹ የእንግሊዝ ጠመንጃ ሠሪዎች ለሞቃት አገር የሚሆኑትን ጥይቶች ግፊታቸውን ዝቅ አድርገው የሠሩት ስለዚሁ ነበር።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን ቢሉ፣ የቆሰለ አውሬ ዕዳው ለአዳኙ ብቻ አይደለምና ነው። አዳኙ በመኪናው ተሳፍሮ ይሄዳል፤ ጥሻው ውስጥ ከቆሰለው አውሬ ጋራ የሚገናኙት ግን በማግሥቱ ከብት የሚነዳው እረኛና እንጨት የምትለቅመው ሴት ናቸው። በማይበቃ ጠመንጃ መተኮስ ድፍረት ሳይሆን በሰው ነፍስ መቀለድ ነው።

ከዚህም ሁሉ በፊት ሕግ አለ። የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል፤ መሣሪያ መያዝም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድ ይጠይቃል። ከሐረር ወዲያ ያሉት የባቢሌ ዝሆኖች ከ1962 ዓ.ም. ጀምሮ በተከለለ መጠለያ ይጠበቃሉ፤ እነርሱን በዓይን እንጂ በጥይት መፈለግ አይገባም። በጭሮ በኩል ባሉት ተራሮች የሚኖረው የደጋ አጋዘንም ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም የማይገኝ እንስሳ ነው።

እንግዲህ ወጣቱ ጠመንጃ ከመምረጡ አስቀድሞ ፈቃዱን፣ ቀጥሎ አውሬውን፣ ከዚያም የገዛ ትከሻውን ይወቅ። በሩቅ ያየውን አውሬ በእርግጠኝነት እንደማይጥለው ሲያውቅ ጠመንጃውን ዝቅ የሚያደርግ ሰው፣ ባይፎክርም አዳኝ ነው።