ቁልቁል የተሰቀለው ሰው፤ የአንድ ትእምርት የትርጉም ጉዞ

ተማሪዎቻችን ትእምርትን ሲተነትኑ ብዙ ጊዜ «ርግብ ሰላምን፣ ጨለማ ድንቁርናን ይወክላል» ብለው ያልፋሉ። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህ አካሄድ ለምን እንደማያዛልቅ በአንድ ምስል አማካይነት ማሳየት ነው። ምስሉ ከ78ቱ የታሮት ካርታዎች ዐቢይ ከሚባሉት 22ቱ መካከል ቁጥር 12 የሆነው «የተሰቀለው ሰው» ነው። ታሮት በ15ኛው መቶ ዘመን በሰሜን ኢጣሊያ ለጨዋታ የተፈጠረ ሲሆን፣ ለጥንቆላ በሰፊው መዋል የጀመረው በ18ኛው መቶ ዘመን ነው። የጥንቆላው እውነትነት የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም።

በጥንቶቹ ካርታዎች ላይ አንድ ሰው በአንድ እግሩ ታስሮ ቁልቁል ተንጠልጥሏል። ኢጣሊያውያን ካርታውን «ከሃዲው» ይሉትም ነበር። ምክንያቱ ከዘመኑ ልማድ የሚመነጭ ነው፤ በኢጣሊያ ከተሞች ከሃዲዎች ቁልቁል እንደተሰቀሉ ተደርገው በአደባባይ ግድግዳ ላይ እየተሣሉ ይዋረዱ ነበር። ሠዓሊው አንድሪያ ዴል ሳርቶ እ.ኤ.አ. በ1530 ገደማ በፍሎረንስ ለእንዲህ ዓይነቱ ሥዕል ያዘጋጃቸው ንድፎች ዛሬም ይገኛሉ። በአንድ ጥንታዊ ካርታ ላይ ደግሞ ሰውዬው ሁለት የገንዘብ ከረጢቶች ጨብጧል፤ ይህም ይሁዳን ያስታውሳል።

እ.ኤ.አ. በ1909 ለንደን ውስጥ በአርተር ኤድዋርድ ዌይት መሪነት ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ በሣለችው ካርታ ሰውዬው እንደቀድሞው ተንጠልጥሏል። የተለወጡት ዝርዝሮቹ ናቸው። መስቀያው ቅጠል ያወጣ ሕያው እንጨት ነው፤ ፊቱ ላይ ሥቃይ አይነበብም፤ ራሱን የብርሃን አክሊል ከቦታል። ሦስቱ ተደምረው ውርደቱን ወደ ተመስጦ፣ ቅጣቱን ወደ ፈቃደኛ መሥዋዕትነት ይለውጡታል። ይህ ለእኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ቅዱስ ጴጥሮስ እንደ ጌታው መሰቀል አይገባኝም ብሎ ቁልቁል መሰቀሉን ትውፊት ይነግረናል፤ በእርሱ ዘንድ ቁልቁል መሆን የትሕትና ምልክት ነው።

ቲ. ኤስ. ኤልየት እ.ኤ.አ. በ1922 ባሳተመው «ዘ ዌስት ላንድ» ውስጥ ካርታ ገላጯ ሴት የተሰቀለውን ሰው አጣችው። ገጣሚው በማስታወሻው ምስሉን ጄምስ ፍሬዘር ካጠናው የተሰቀለ አምላክና ደቀ መዛሙርቱ በኤማሁስ መንገድ ካዩት ጋር እንደሚያያይዘው ገልጿል። እኔ እንደምረዳው፣ እዚህ ትርጉም የሚሰጠው የካርታው መኖር ሳይሆን መታጣቱ ነው፤ ሞቶ ምድርን ያለመልማል የተባለው በደረቀችው ምድር አልተገኘም። ይህን ፍች የካርታ መግለጫ መጽሐፍ አይሰጠንም፤ የሚሰጠን ግጥሙ ነው።

ትእምርት ቋሚ ፍች የለውም ማለት ግን እንደፈቀደን እንፍታው ማለት አይደለም። ከረጢቱ፣ አክሊሉ፣ የካርታው መታጣት፣ እያንዳንዱ ትርጓሜያችንን የሚገድብ ማስረጃ ነው። ስለሆነም «ይወክላል» ከማለታችን በፊት ሦስት ጥያቄዎች ማንሳት ይገባናል፦ ምስሉ ምን ምን ዝርዝሮች አሉት? ከየትኛው ባህልና ዘመን መጣ? በያዝነው ድርሰት ውስጥስ ምን ተግባር ያከናውናል?