የዕጣን ዘይት፦ የየትኛው ዛፍ፣ የየት አገር?

«መቶ በመቶ ንጹሕ የዕጣን ዘይት» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ትንሽ ቡናማ ጠርሙስ ለገዢው ብዙ ነገር የነገረው ይመስላል። ዋናውን ግን አልነገረውም። ዕጣን የአንድ ዛፍ ሙጫ አይደለምና።

ቦስዌሊያ የሚባለው የዛፍ ወገን ከሃያ በላይ ዝርያዎች አሉት፤ ከምዕራብ አፍሪካ ተነሥቶ በአፍሪካ ቀንድና በዓረቢያ አድርጎ እስከ ሕንድ ይደርሳል። ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ስድስት ዝርያዎች ይበቅላሉ። ከመተማና ከቋራ፣ ከትግራይ ቆላዎች፣ ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሚመጣው ነጩ ዕጣን ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ ከሚባለው ዛፍ የሚለቀም ነው፤ ትግርኛ ተናጋሪዎች መቐር ይሉታል። በቦረናና በኦጋዴን የሚሰበሰበው ከሌሎች ዝርያዎች፣ በተለይም ከቦስዌሊያ ኔግሌክታና ከቦስዌሊያ ሪቬ ነው። የኦማን ዕጣን፣ ከሶማሌላንዱም ብዙው የሚገኘው ቦስዌሊያ ሳክራ ከሚባለው ነው፤ የሶማሌውን ብዙ ነጋዴዎች አሁንም ካርተሪ በሚለው ስም ይሸጡታል። ሕንድ ደግሞ ቦስዌሊያ ሴራታ አላት። የእነዚህ ሁሉ ዘይት የዓለም ገበያ ላይ ሲደርስ ስሙ አንድ ይሆናል፤ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ነገር ግን በፍጹም አንድ አይደለም።

ልዩነቱን ለማየት ከዛፉ መጀመር ይሻላል። መቐር አፈሩ ስስ የሆነ፣ ድንጋያማና ደረቅ ተዳፋት ላይ የሚበቅል ዛፍ ነው። በጋ ሲገባ ቅጠሉን ያራግፋል፤ ሥራው የሚጀመረውም ያኔ ነው። መስከረም ወይም ጥቅምት ላይ ሠራተኛው ምንጋፍ በሚባል ስለታም የእጅ መሣሪያ ከግንዱ ላይ ቅርፊቱን በስሱ ይልጣል። የመጀመሪያው ቁስል ከሁለት ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ከቁስሉ የሚፈሰው ነጭ ፈሳሽ አየርና ፀሐይ ሲያገኘው ይጠጥራል። ሠራተኛው ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ይመለሳል፣ የጠጠረውን ይለቅማል፣ ቁስሉን ያድሳል፣ በጥቂቱም ያሰፋዋል። እንዲህ እያለ ዝናቡ እስኪመጣ ድረስ በአንድ ወቅት ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ጊዜ ይመላለሳል። ብዙዎቹ ሠራተኞች ከደጋ የሚወርዱ ናቸው። ወራቱን ሁሉ ከቤተሰብ ርቀው፣ ውኃ በሌለበት በረሃ፣ ከዛፍ ዛፍ ሲዞሩ ይከርማሉ። የዕጣን ዘይት ውድ ነው ብሎ የሚያማርር ሰው ይህን ድካም ቢያውቅ መልካም ነው። ከዚያ ዋጋ ውስጥ ለለቃሚው የሚደርሰው ምን ያህል እንደሆነም መጠየቅ ይገባዋል።

የተለቀመው ሙጫ ወደ መጋዘን ሲገባ በአብዛኛው ሴቶች በእጃቸው እየለቀሙ በደረጃ በደረጃው ይለዩታል። ደረጃ የሚሰጠው በመጠንና በቀለም ነው። ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነና ነጭ የሆነው ከላይኛው ደረጃ ይመደባል፤ ጥቃቅኑ፣ የጠቆረው፣ ቅርፊት የተቀላቀለበት እያለ ወደ ታች ይወርዳል። ይህ ምደባ ለሚያጨሰው ሰውና ለጅምላ ነጋዴው ጠቃሚ ነው። ዘይቱን በተመለከተ ግን ብዙ አይናገርም፤ ዘይት ከፍርፋሪውም ይወጣል። ስለዚህ የዘይት ጠርሙስ ላይ «አንደኛ ደረጃ ዕጣን» ተብሎ ቢጻፍ የተነገረን የሙጫው መልክ እንጂ የዘይቱ ጥራት አይደለም።

አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው የዕጣን ዘይት እንዴት እንደሚወጣ ለመረዳት አይቸገርም። ሙጫው ከውኃ ጋር ይፈላል፣ ወይም በእንፋሎት ይመታል። ተን የሚሆነው የሙጫው ክፍል ከእንፋሎቱ ጋር በቱቦ ይሄዳል፣ ቀዝቅዞ ፈሳሽ ሲሆን ዘይቱ ከውኃው በላይ ይንሳፈፋል፣ ከዚያም ይቀዳል። ከ100 ኪሎ ሙጫ የሚገኘው ዘይት ጥቂት ኪሎ ብቻ ነው። የቀረው ከባድ ሙጫ ጋኑ ውስጥ ይቀራል።

ይህ «የቀረው» የሚባለው ነገር ለገዢው እጅግ አስፈላጊ ነው። ስለ ዕጣን መድኃኒትነት ከተሠሩት ጥናቶች ብዙዎቹ የሚያተኩሩት ቦስዌሊክ አሲድ በሚባሉ ውሁዶች ላይ ነው፤ በተለይም የሕንዱ ሴራታ ሙጫ ጭማቂ ለመገጣጠሚያ ሕመም ተሞክሯል። ቦስዌሊክ አሲዶች ግን ከባድ ስለሆኑ ከእንፋሎት ጋር አይነሡም። በእንፋሎት በወጣ ዘይት ውስጥ አይገኙም ማለት ይቻላል። ይሁንና የሙጫውን ጥናት ጠቅሶ ዘይቱን የሚሸጥ ነጋዴ ሞልቷል። «ቦስዌሊክ አሲድ ያለው የዕጣን ዘይት» የሚል ማስታወቂያ ከታየ ወይ ሻጩ ሥራውን አያውቀውም፣ ወይ ያውቃል፤ ሁለቱም ከመግዛት የሚያስቆሙ ናቸው።

አሁን ወደ ዝርያዎቹ እንመለስ። የመቐር ዘይት ውስጥ አብላጫውን የሚይዘው ኦክቲል አሲቴት የሚባል ውሁድ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከግማሽ በላይ ይሆናል። ብርቱካንን የሚያስታውስ የፍራፍሬ ሽታ አለው። የሳክራ ዘይት ግን በአመዛኙ አልፋ ፓይኒን ነው፤ ይህ በጥድ ውስጥም የሚገኝ፣ ሰላ ያለና አፍንጫ የሚከፍት ሽታ ያለው ነው። የሴራታ ዘይት ደግሞ በአልፋ ቱጂን ይታወቃል። አንዱ ከሌላው ይበልጣል ለማለት አይደለም። ሽቶ ቀማሚው፣ ሳሙና ሠሪው፣ ቆዳው የሚቆጣበት ሰው ግን የትኛውን እንደገዛ የማወቅ መብት አለው። የእኛ አገር ዘይት በሌላ አገር ዕጣን ስም መሸጡ ደግሞ ገዢውንም አምራቹንም ይጎዳል። ዘይቱ የራሱ መልክ እያለው ስሙን ተነጥቆ እንዴት ዋጋ ሊያገኝ ይችላል?

በአፍንጫ ብቻ መለየት የሚችሉት ብዙ የለመዱ ሰዎች ናቸው። ቤተ ሙከራ የሚጠቀመው ጋዝ ክሮማቶግራፊ የሚባለውን መሣሪያ ነው። የዘይት ጠብታ ይተናል፣ ረጅምና ቀጭን ቱቦ ውስጥ በጋዝ ይገፋል፣ እያንዳንዱ ውሁድ በየራሱ ጊዜ በወዲያኛው ጫፍ ይወጣል። የሚታተመው ሠንጠረዥ ውሁዶቹን ከነመጠናቸው ያሳያል። ብዙ ማጭበርበር እዚህ ላይ ይጋለጣል፦ በርካሽ የአትክልት ዘይት የቀጠነ፣ ከሌላ ዛፍ የወጣ አልፋ ፓይኒን የተጨመረበት፣ ወይም ፋብሪካ የሠራው ኦክቲል አሲቴት የፈሰሰበት። አጭበርባሪው ዋናውን ውሁድ መጨመር ይችላል። በጥቂቱ የሚገኙትን ብዙ ጓደኞቹን ሁሉ በልካቸው አሟልቶ ማስገባት ግን አይሆንለትም። የመቐር ዘይት ውስጥ ለምሳሌ ኢንሰንሶልና ኢንሰንሶል አሲቴት ይፈለጋሉ። ቤት ውስጥ ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ አኑሮ የቅባት ምልክት መተው አለመተዉን ማየት የአትክልት ዘይት የበዛበትን ይለያል፤ ከዚያ ያለፈ ማጭበርበር ግን በወረቀት አይያዝም።

ይህ ምርመራ አንዳንዴ ያልታሰበ ነገር ያወጣል። ከሶማሌላንድ ካርተሪ ተብሎ በሚሸጥ ዘይት ውስጥ ሜቶክሲዴኬን የሚባል ያልተለመደ ውሁድ እየታየ ነበር። ነገሩ ሲጣራ ግን መነሻው ፋብሪካ ሳይሆን ዛፍ ሆኖ ተገኘ። ሙጫው ከካርተሪ ጋር እየተቀላቀለ ወደ ገበያ ይሄድ የነበረ፣ ሳይንስ ስም ያልሰጠው ዝርያ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ2019 ቦስዌሊያ ኦኩልታ ተብሎ ተመዘገበ። የዘይት ገዢ የቤተ ሙከራ ሰነድ መጠየቁ አዲስ ዛፍ እስከማስገኘት ከደረሰ ጥያቄው ከንቱ አይደለም።

ሰነዱ ግን የዚያ ጠርሙስ መሆን አለበት። የምርት ተራ ቁጥር፣ በእንግሊዝኛ አጠራሩ ባች የሚሉት፣ ጠርሙሱም ላይ ሰነዱም ላይ አንድ ካልሆነ፣ ሻጩ ያሳየው ከዓመታት በፊት የተመረመረ የሌላ ዘይት ወረቀት ሊሆን ይችላል።

ስለ ቃላቱም እንነጋገር። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት አይኤስኦ 9235 በተባለው ሰነዱ በእንግሊዝኛ «ኢሴንሻል ኦይል» የሚባለው እንዲህ ያለ ዘይት ምን እንደሆነ ይወስናል፦ ከተክል በእንፋሎት ወይም በደረቅ ማንጠር የወጣ፣ ወይም እንደ ብርቱካን ካለ ፍሬ ልጣጭ የተጨመቀ። በኬሚካል አሟሚ የወጣ ሌላ ስም አለው። «የሕክምና ደረጃ» የሚባል ነገር ግን በዚያ ሰነድም የለም፣ የትኛውም የመንግሥት ተቆጣጣሪም አይሰጠውም። ኩባንያዎች ለራሳቸው ያወጡት ስም ነው፤ አንዳንዶቹ የንግድ ምልክት አድርገው አስመዝግበውታል። አሜሪካ ውስጥ ሕጉ «ኢሴንሻል ኦይል» ለሚለው ቃል የራሱ ትርጉም እንኳ የለውም፤ ተቆጣጣሪው የሚያየው ሻጩ ምን ያደርጋል ብሎ እንደሸጠው ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ያንግ ሊቪንግ እና ዶቴራ ለተባሉት ትልልቅ ኩባንያዎች ማስጠንቀቂያ ጽፎላቸው ነበር፤ ሻጮቻቸው ዘይቶቹ ኢቦላን ጨምሮ ከባድ በሽታዎችን ይከላከላሉ ወይም ያድናሉ እያሉ ያስተዋውቁ ስለነበረ ነው። ይህን የምጠቅሰው በውጭ አገር የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን እነዚህን ዘይቶች የሚገዙት ከሚያምኑት ሰው እጅ ስለሆነ ነው። የሚያምኑት ሰው ደግሞ የተነገረውን ነው የሚደግመው።

አውሮፓ ውስጥ ደግሞ ተቃራኒ ችግር አለ። እዚያ የሚሸጥ የዕጣን ዘይት ላይ ቀይ ክፈፍ ያለው የአደጋ ምልክትና «ተውጦ ወደ መተንፈሻ ቧንቧ ከገባ ሊገድል ይችላል» ዓይነት ማስጠንቀቂያ ያጋጥማል። ገዢው ይደነግጥና ምንም ምልክት የሌለበትን «ተፈጥሯዊ» ጠርሙስ ይመርጣል። ምልክቱ ግን ዘይቱ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። አልፋ ፓይኒንና ሊሞኒን የመሳሰሉ ቀጫጭን ውሁዶች በእርግጥም እንዲህ ያለ ጠባይ አላቸው፤ ሕጉን ያከበረ ሻጭ ይጽፈዋል። ዘይቱ መጠጣት የለበትም፣ ቆዳ ላይ ሳይቀጥን መቀባት የለበትም፣ ሕፃናት ከሚደርሱበት መራቅ አለበት። በተጨማሪም እነዚሁ ውሁዶች አየር ሲያገኛቸው ይበላሻሉ፤ የተበላሸ ዘይት ከትኩሱ ይልቅ ቆዳን ያስቆጣል። ጠርሙሱ ጥቁር ወይም ቡናማ የሚሆነው ከብርሃን ለመጠበቅ ነው። ክዳኑ ተከፍቶ ፀሐይ ላይ የከረመ ዘይት ከምርጥ ዛፍ ቢወጣም አይረባም።

ከሁሉም ነገር ግን እኔን የሚያሳስበኝ የምንጩ ጉዳይ ነው። ፍራንስ ቦንገርስ የተባሉት የሆላንድ ሳይንቲስት ከኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎችና ከሌሎች ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጡት ጥናት በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሱዳን 23 የመቐር ደኖችን መርምሯል፤ የተለኩት ዛፎች 21,786 ናቸው። ከደኖቹ ሦስት አራተኛው ውስጥ ወጣት ዛፍ አልተገኘም። ለአሥርተ ዓመታት አዲስ ዛፍ አልተተካም ማለት ነው። ነገሩ እንዳለ ከቀጠለ በ20 ዓመት ውስጥ የዕጣን ምርት በግማሽ ይቀንሳል ብለው ተንብየዋል። ምክንያቱ አንድ አይደለም፦ እሳት፣ ከብት፣ እርሻ፣ ግንድ የሚበላ ጥንዚዛ፣ ያለ ዕረፍት መላጥ። የመጨረሻው በቀጥታ ገበያውን ይነካል። ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ የኤርትራ ጥናት እንዳሳየው ካልተላጡ ዛፎች ዘር ከ80 በመቶ በላይ ሲበቅል፣ ከተላጡት ግን ከ16 በመቶ በታች ነበር። ዛፉ ስንቁን ሙጫ ለመሥራት ያውለዋል፣ ለዘሩ የሚተርፈው ያንሳል። ጥቂት ዓመት ተልጦ ጥቂት ዓመት እንዲያርፍ የሚመከረው ለዚህ ነው። ማሳረፍ ግን ገንዘብ ያስከፍላል፤ ወጪውን የሚሸፍን ገዢ ያስፈልጋል።

እንዲህ ያለ ገዢ ግን ያረፈውን ደን ካላረፈው ለይቶ ካላወቀ ሊመጣ አይችልም። ከኢትዮጵያ የሚወጣው ዕጣን እስከ አሁን በአብዛኛው ጥሬ ሙጫ ነው። በባሕረ ሰላጤው ወደቦች ወይም በሌላ መካከለኛ ገበያ በኩል ሲያልፍ ከሌላው ጋር ይቀላቀላል፣ ጆንያው ይቀየራል፣ ዘይቱ ሌላ አገር ይወጣል። ከዚያ ጠርሙሱ ላይ የሚታተመው አገር ዘይቱ የወጣበት ወይም የተሞላበት ሊሆን ይችላል። አገር ውስጥ ዘይት የማውጣት ዕውቀት የለም እንዳይባል የወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከል በመዓዛማ ተክሎችና በዘይታቸው ላይ ለረጅም ጊዜ ሲሠራ ቆይቷል። ዘይቱ ጎንደር ወይም መቀሌ ቢወጣ ሙጫው ከየትኛው ወረዳ እንደመጣ መመዝገብ በብዙ ይቀላል።

እስከዚያው ድረስ የዕጣን ዘይት የሚገዛ ሰው ጠርሙሱን አዙሮ ሊፈልግ የሚገባው የዛፉን ሙሉ የሳይንስ ስም፣ ሙጫው የተለቀመበትን አገር፣ ዘይቱ የወጣበትን አገርና የምርት ተራ ቁጥሩን ነው። ሁለቱ አገሮች ተለይተው ካልተጻፉ ሻጩን መጠየቅ ይቻላል። ሻጩ ካላወቀ አቅራቢውን ይጠይቅ፤ አቅራቢው ካላወቀ የሚሸጠው ዘይት የየትኛው ዛፍ እንደሆነ ማንም አያውቅም ማለት ነው፣ እንዲህ ያለውን ዘይት በውድ ዋጋ መግዛት አያስፈልግም።