አዲስ ቅጥቅጥ ወይስ ያገለገለ? ትርፉን የሚወስነው የሥራ ቀን ነው

ከደሴ ተነስቶ በሐይቅ፣ በውጫሌና በውርጌሳ አድርጎ ወልዲያ የሚገባው አውራ ጎዳና መርሳን መሀል ለመሀል ያቋርጣታል። የሀብሩ ነጋዴ በጤፍ፣ በሽንኩርት ወይም በፍራፍሬ ንግድ ጥቂት ጥሪት ሲቋጥር፣ ከቤት ቀጥሎ ዓይኑ የሚያርፈው በዚሁ መንገድ በሚመላለሱት መኪኖች ላይ ነው። ብዙውን ጊዜም ልቡ የሚያዘነብለው ወደ ቅጥቅጥ ነው። ከመግዛቱ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ይደቀንበታል፤ አዲስ ይግዛ ወይስ ያገለገለ?

ደላላ ለዚህ መልስ አያጣም። ያገለገለ የሚያሻሽጠው "ዛሬ ገዝተህ ነገ ሥራ ትገባለህ" ይላል። አዲስ የሚያሻሽጠው ደግሞ "ጋራዥ የሚባል አታይም" ይላል። ሁለቱም ከእውነት የራቁ አይደሉም። ሁለቱም የማያነሱት ግን አንድ ጉዳይ አለ፤ መኪናው በዓመት ስንት ቀን ይሠራል? አትራፊውና ከሳሪው የሚለዩት እዚህ ላይ ነው።

ያገለገለ መኪና ለምን አልረከሰም?

በአውሮፓና በአሜሪካ ቤተሰብ አሳፍሮ፣ አልጋና ማብሰያ ጭኖ የሚጓዝ "ሞተርሆም" የሚገዛ ሰው ተመሳሳይ ጥያቄ ይገጥመዋል። እዚያ የሚሰጠው ምክር ግን የታወቀ ነው። አዲስ መኪና ከመሸጫው በወጣ ማግስት ዋጋው ማሽቆልቆል ስለሚጀምር፣ ኪሳራውን የመጀመሪያው ባለቤት እንዲሸከመው መተው ይሻላል ይባላል።

ይህ ምክር በኢትዮጵያ ገበያ እንዳለ አይሠራም። እንደሚታወቀው በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 የተሽከርካሪ ዕድሜ በጨመረ ቁጥር ታክሱም እንዲከብድ አድርጓል። በጣም ባረጁና ትልልቅ ሞተር ባላቸው አውቶሞቢሎች ላይ ምጣኔው እስከ 500 በመቶ ደርሷል። ከዚያ ወዲህ አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባት አዋጪነቱ ስለቀነሰ፣ በገበያው "ያገለገለ" የሚባለው በአብዛኛው እዚሁ አገር ውስጥ አቀበትና ቁልቁለት የበላው ሆኗል።

ሁለተኛው ምክንያት ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የአዲስ መኪና ዋጋ ሲንር ያገለገለውንም ይዞት ይወጣል። በዚህ የተነሳ መኪና እንደ ወርቅ የገንዘብ ማስቀመጫ ተደርጎ መታየት ጀምሯል። ወርቅ ግን ጎማ አይበላም፤ ሹፌርም አይቀጥርም።

የአንድ ነጋዴ ስሌት

ነገሩን በቁጥር ማየት ይቀላል። ከዚህ በታች ያሉት አኃዞች ለስሌት እንዲያመቹ የተወሰዱ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። ማንኛውም ገዢ የራሱን ቁጥር በቦታው ሊተካ ይችላል።

አዲሱ 6 ሚሊዮን ብር፣ ያገለገለው 4 ሚሊዮን ብር ነው እንበል። ነጋዴው 4 ሚሊዮኑ አለው፤ ለአዲሱ የሚጎድለውን 2 ሚሊዮን በ17 በመቶ ወለድ ይበደራል። የመጀመሪያው ዓመት ወለድ በሙሉ ዕዳው ላይ ሲታሰብ 340 ሺሕ ብር ይሆናል።

ያገለገለው በበኩሉ ከአዲሱ ይበልጥ በወር 6 ቀን፣ በዓመት 72 ቀን ጋራዥ ይቆማል እንበል። ነዳጅ፣ ሹፌርና ረዳት ከተከፈለ በኋላ የአንድ ቀን የተጣራ ገቢ 4 ሺሕ ብር ቢሆን፣ በመቆሙ ብቻ 288 ሺሕ ብር ያጣል። ለፍሪሲዮን፣ ለባሌስትራና ለሌላ መለዋወጫ በተጨማሪ 100 ሺሕ ብር ቢያስወጣ፣ የማርጀቱ ዋጋ 388 ሺሕ ብር ይደርሳል።

እንግዲህ መንገዱ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ከሆነ አዲሱ በ48 ሺሕ ብር ይበልጣል። ደላላው እውነቱን ነው ማለት ነው።

መንገዱ ሲዘጋስ?

መርሳ ግን ዓመቱን ሙሉ መንገድ ክፍት ይሆናል ተብሎ የሚታሰብባት ከተማ አልሆነችም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ ሲገባ፣ አካባቢው እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ከተቀረው አገር ጋር የነበረው የንግድ ግንኙነት ተቋርጦ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮም በአማራ ክልል በተከሰተው ግጭት መንገዶች በተለያዩ ጊዜያት ተዘግተዋል።

ያው ስሌት፣ መኪናው የሚሠራው ግማሽ ዓመት ብቻ ነው ተብሎ ይታይ። ሁለቱም ቆመው በሚውሉበት ጊዜ አሮጌው በመበላሸቱ የሚያጣው ገቢ የለም። እንዲያውም መካኒኩ ያን ጊዜ ሊጠግነው ይችላል። በጋራዥ ምክንያት የሚያጣው ገቢ ወደ 144 ሺሕ፣ መለዋወጫውም ወደ 50 ሺሕ ብር ይወርዳል፤ ድምሩ 194 ሺሕ ብር ነው። ወለዱ ግን መንገድ ተዘጋ ብሎ አይቆምም፤ ያው 340 ሺሕ ብር ነው። አዲስ የገዛው በ146 ሺሕ ብር ይጎዳል።

በዚህ ምሳሌ ሁለቱ ምርጫዎች እኩል የሚሆኑት መኪናው በዓመት 10 ወር ተኩል ያህል ሲሠራ ነው። ከዚያ በታች ከሆነ በብድር አዲስ መግዛት አያዋጣም።

አዲሱ ሲሸጥ የተሻለ ዋጋ ያወጣል የሚል ክርክር ይነሳ ይሆናል። እውነት ነው። ይህ ጥቅም የሚገኘው ግን ባለቤቱ ሳይገደድ፣ ገበያ መርጦ መሸጥ ሲችል ነው። ወለድ ያስጨነቀው ሰው የሚሸጠው ገዢው በሰጠው ዋጋ ነው።

የራስ ገንዘብና የባንክ ገንዘብ

ልዩነቱን የሚሞላው ከራሱ ኪስ ከሆነ ስሌቱ ይለወጣል። ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነው ቢባል፣ 2 ሚሊዮኑ ባንክ ቢቀመጥ በዓመት የሚያስገኘው 140 ሺሕ ብር ነው። ስለዚህ መንገዱ ግማሽ ዓመት ቢዘጋ እንኳ አዲሱ በ54 ሺሕ ብር ይበልጣል። ይሁንና ያ ገንዘብ በእህል ወይም በፍራፍሬ ንግድ ቢገላበጥ ከቁጠባ የበለጠ የሚያተርፍ ከሆነ፣ መታሰብ ያለበት የንግዱ ትርፍ ነው።

ከወለድ ነፃ በሆነው የሙራባሐ አገልግሎት የሚገዛም ቢሆን ከዚህ ስሌት አያመልጥም። የትርፍ ህዳጉ አስቀድሞ ተቆርጦ ስለሚታወቅ ድንገተኛ ጭማሪ አይመጣበትም። የክፍያው ቀን ግን መንገዱ ቢዘጋም ይደርሳል።

በብድሩ መያዣ የሚሆነው ብዙ ጊዜ መኖሪያ ቤት መሆኑም መዘንጋት የለበትም። በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ባንኮች የመያዣ ንብረትን ያለ ፍርድ ቤት ክስ በሐራጅ እንዲሸጡ ሥልጣን ሰጥቷል። "ሳይቸግር ጤፍ ብድር" የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ለአዲስ ቀለም ብሎ ቤቱን የሚያስይዝ ሰው ደግሞ ደጋግሞ ማሰብ ይገባዋል።

ያገለገለ የሚገዛ ምን ይመልከት?

ቅጥቅጥ በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ የአውቶቡስ አካል የተገጠመለት በመሆኑ ሁለት ዕድሜ አለው። አካሉ አምና የተሠራ፣ ሻንሲውና ሞተሩ ግን ሽማግሌ ሊሆን ይችላል። ስለሆነም ከወንበሩና ከቀለሙ በፊት የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር መመሳከር አለበት። ሻንሲው መበየዱን፣ ሞተሩ ዘይት መብላቱን ሻጭ ያላመጣው መካኒክ ይይ። ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ብቻውን ምስክር አይሆንም።

ቀጥሎ የመለዋወጫው ጉዳይ ነው። በመስመሩ ላይ በብዛት የሚሠራ ሞዴል ከሆነ ዕቃው ደሴ ወይም ወልዲያ ይገኛል። ብርቅ ከሆነ ግን አዲስ አበባ፣ መርካቶ ሶማሌ ተራ ድረስ መላክ ያስፈልጋል። መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ ይህ የሳምንታት ልዩነት ያመጣል።

ሦስተኛው ወረቀት ነው። ወጪ ለመቆጠብ ስም ሳያዞሩ በውክልና ብቻ መግዛት የተለመደ ሆኗል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ግን ወካዩ ሲሞት ውክልናው በመርህ ደረጃ ይቀራል፤ ገዢው ከወራሾች ጋር ፍርድ ቤት ሊቆም ይችላል። መኪናው ዕዳና እገዳ የሌለበት፣ ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነም ቀረጡ የተከፈለ መሆኑ ከመክፈል በፊት መጣራት አለበት።

አዲስ የሚገዛስ?

አዲስ የሚገዛ በመጀመሪያ ኢንሹራንሱን ያንብብ። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ቢሆንም የራስን መኪና አይክስም። የተለመደው ሙሉ የሞተር መድንም የጦርነት ጉዳትን አይሸፍንም። ለፖለቲካዊ ሁከትና ለሽብር ጉዳት ለብቻው የሚገዛ ሽፋን አለ። ዋጋው በየዓመቱ መከለስም ይኖርበታል። በአሮጌ ዋጋ መድን የተገባለት መኪና ጉዳት ሲደርስበት ካሳውም በዚያው ልክ ይሸራረፋል።

ጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ፣ የኤሌክትሪክ መኪና ይሻላል የሚሉ ደላሎች በዝተዋል። ለአዲስ አበባ ነዋሪ ሊያዋጣ ይችላል። በመርሳ መስመር ግን ገዢው አስቀድሞ የሚመላለስበትን ርቀት፣ በመንገዱ ላይ ኃይል የሚሞላበትን ቦታና መብራት ሲጠፋ የሚያደርገውን ማወቅ ይኖርበታል።

ለማጠቃለል፣ ልዩነቱን በራሱ ገንዘብ ለሚሞላና ቢቆምም ለማይጨነቅ ነጋዴ አዲሱ ይሻለዋል። ቤቱን አስይዞ ለሚበደር ደግሞ በደንብ የተፈተሸ፣ ስሙ የዞረ ያገለገለ መኪና ይበቃዋል። ከደላላ ጋር ዋጋ ከመከራከር በፊት ግን በዚያው መስመር የሚሠራ ባለንብረት ጠይቆ፣ መኪናው ባለፈው ዓመት ስንት ቀን እንደሠራ ቆጥሮ መነሳት ያስፈልጋል።