ውሃ የማይረጋበት ገንዳ

ስኳር ተጨምሮበት ሳይማሰል የቀረ ሻይ ላዩ ጣዕም የለውም፣ ታቹ ማር ነው። ስኳሩ ብርጭቆው ውስጥ አለ፤ ከንፈር ዘንድ ግን አልደረሰም። ትንሽ የባሕር አኳሪየም ውስጥ የሚኖር ኮራል ችግሩ ይኸው ነው። የሚያስፈልገው ሁሉ እዚያው ገንዳ ውስጥ እያለ፣ ውሃው ከረጋ ገላው ድረስ አይመጣለትም።

ኮራል ድንጋይ ይምሰል እንጂ እንስሳ ነው። ፖሊፕ የሚባሉ ጥቃቅን አካላት፣ እያንዳንዳቸው አንድ አፍና በአፋቸው ዙሪያ የተደረደሩ ጣቶች ይዘው፣ ተጣብቀው የሚኖሩበት ማኅበር ነው። ሥጋው ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎችን አስጠልሏል፤ እነሱም በብርሃን ስኳር እየሠሩ የቤት ኪራያቸውን ይከፍሉታል። ተነሥቶ ምግብ አይፈልግም፣ ከገዛ ቆሻሻው አይሸሽም። አምጪውም ወሳጁም ውሃ ነው።

ውሃ ውስጥ የገባ ማንኛውም ነገር ገላው ላይ ስስ የረጋ ውሃ ይለጠፍበታል፤ ዙሪያው ቢናወጥ እንኳ ይህች ሽፋን ቶሎ አትለቅም። ኦክስጅኑም፣ አጽም የሚገነባበት ካልሲየሙም ኮራሉ ዘንድ የሚደርሱት እሷን በዝግታ ሰርገው ነው። ውሃው በበረታ ቁጥር ሽፋኗ ትሳሳለች። ሌሊት ኮራሉም አልጌውም ኦክስጅን ስለሚፈልጉ የረጋ ውሃ ያፍናቸዋል። ቀን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ አልጌዎቹ ያመረቱት ኦክስጅን መውጫ አጥቶ ሲጠራቀም የራሳቸውን ሥራ ያጓትትባቸዋል።

ቀይ ባሕር ውስጥ ይህን ጉዳይ ለሞገድ ብቻ ያልተወ ኮራል አለ። ሄቴሮዜኒያ የተባለው ለስላሳ ኮራል ጣቶቹን እንደ ሕፃን መዳፍ ሲጨብጥ ሲዘረጋ ይውላል፤ ሌሊትም ይቀጥላል። ተተክሎ ለሚኖር እንስሳ ይህ ብዙ ጉልበት የሚፈጅ ሥራ ነው። ታዲያ ምን ያተርፍበታል? በኤላት ባሕረ ሰላጤ ኮራሉን በካሜራ የተከታተሉ የእስራኤል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት መልሱን ሰጥተዋል። ምቱ ውሃውን ወደ ላይ ስለሚገፋው አንዱ ፖሊፕ የጎረቤቱን ያገለገለ ውሃ መልሶ አይጠቀምም፤ ትርፍ ኦክስጅኑም ተጠርጎ ስለሚሄድ የአልጌዎቹ ምርት ያድጋል። አብዛኞቹ ኮራሎች ግን እንዲህ አይመቱም፤ ባሕሩ ይመታላቸዋል።

ገንዳ ውስጥ ባሕሩን የሚተካው የሞገድ ፓምፕ ነው። ጡጫ የምታህል ሞተር ናት፤ ፊቷ ላይ በወንፊት የተሸፈነ ፕሮፔለር አላት፣ በማግኔት መስተዋቱ ላይ ትጣበቃለች። አቅሟ የሚለካው በሰዓት በምታንቀሳቅሰው ሊትር ነው። አርቢዎች ዘንድ የተለመደው ስሌት ለለስላሳ ኮራል የገንዳውን ይዘት ከ10 እስከ 20 እጥፍ፣ እንደ አክሮፖራ ላሉ ቅርንጫፋም ኮራሎች ደግሞ 40 እጥፍና ከዚያ በላይ ነው። ባለ 60 ሊትር ገንዳ በ20 እጥፍ ሲሰላ በሰዓት 1,200 ሊትር ይሆናል።

እኔ ይህን ቁጥር መነሻ እንጂ ሕግ አላደርገውም። ያው 1,200 ሊትር ኮራሉ ፊት ላይ ሲደገን የመኪና ማጠቢያ ጎማ ነው፤ ወደ ፊት ለፊቱ መስተዋት ዞሮ፣ ተጋጭቶ፣ ተበታትኖ ሲመለስ ግን ባሕር ይመስላል። ባሕር ውስጥ፣ ኮራሎች በሚኖሩበት ሪፍ ላይ፣ ውሃ ይመጣል፣ ይመለሳል፣ ይሽከረከራል፤ ከአንድ ወገን ብቻ ሲነፍስ አይውልም። ወፍራም ጣቶች ያሉት ዩፊሊያ የተባለው ኮራል ልዩነቱን በደንብ ይናገራል። ሲስማማው ጣቶቹ ወዲያ ወዲህ በቀስታ ይወዛወዛሉ። ሲበዛበት ሁሉም ወደ አንድ ጎን ይተኛሉ፤ ከቆየም ሥጋው በራሱ አጽም ስለት ይቀደዳል።

ውሃው የት እንደሚደርስ ለማየት መሣሪያ አያሻም። ቁንጥር የዓሣ ምግብ ጣል አድርጎ በዓይን መከተል ነው። ፍርፋሪው ዞሮ ዞሮ የሚያርፍበት ጥግ፣ ብዙ ጊዜ ከድንጋዩ ጀርባ፣ ነገ ቆሻሻ የሚጠራቀምበትና ቀይ ልጋግ የሚወጣበት ቦታ ነው። መፍትሔው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ፓምፕ መግዛት ሳይሆን ድንጋዩን ከመስተዋቱ ማራቅ ነው። ፓምፑ ላይ ኖራ የመሰለ ነጭ ነገር ሲጋገርበት ጉልበቱ ሳይታወቅ ይደክማል፤ ነቅሎ በውሃ የቀጠነ አቼቶ ውስጥ መዘፍዘፍና በጥርስ ብሩሽ መፈግፈግ ይበቃል።

መብራት ሲጠፋ ግን ጣጣ ነው። ትንሽ ገንዳ ውሃው ጥቂት ስለሆነ ኦክስጅኑ ቶሎ ያልቃል፤ ቀድመው የሚሞቱትም ዓሦቹ ናቸው። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ አስቀድሞ መግዛት ይሻላል። እሱ ከሌለ፣ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው ውሃውን በኩባያ እየጨለፉ፣ ከፍ አድርገው መልሰው ማንቆርቆር ነው፤ መብራቱ እስኪመጣ ወይ ክንድ እስኪዝል።